የትኛውን የኢትዮጵያ ፊልም እናሳይ? ለሐዋሳ የፊልም ምሽት አዘጋጆች የንጽጽር መመሪያ

በሐዋሳ የፊልም ምሽት ማዘጋጀት የፈለገ የዩኒቨርሲቲ ክበብ፣ የወጣቶች ማዕከል ወይም የካፌ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ጥሩ የሀገራችን ፊልም የትኛው ነው?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ጥያቄው እንዲህ በጥቅሉ ሲቀርብ ቁርጥ ያለ መልስ አይገኝለትም። «የኢትዮጵያ ፊልም» በሚለው አንድ ስም ሥር በንጉሡ ዘመን በ35 ሚሊ ሜትር የተቀረጸ አለ፤ በደርግ ጊዜ የመንግሥት ድርጅት ያሠራው አለ፤ ውጭ ሀገር የሚኖሩ ዳይሬክተሮች ሀገር ቤት ገብተው የቀረጹት አለ፤ በቪዲዮ ካሜራ ተነሥቶ የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችን በወረፋ የሞላው አለ፤ ከዚያም በካን፣ በበርሊንና በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫሎች የታየው አዲሱ ትውልድ ይመጣል። ከተመልካቹ የሚጠይቁት ትዕግሥት ለየቅል ነው፤ ከአዳራሹ የሚጠይቁት ጨለማና የድምፅ ጥራትም እንደዚያው። በአንዱ አዳራሽ ሰው ከወንበሩ ያላነቃነቀ ፊልም በሌላው አዳራሽ ግማሹን ተመልካች በሃያ ደቂቃ ውስጥ ያስወጣል።

ስለዚህ እዚህ የምናወዳድረው ፊልሞቹን በዝና አይደለም። ማን ሊመጣ ነው? አዳራሹ ምን ዓይነት ነው? ምርጫው ከዚህ ይነሣ። ዓመተ ምሕረት ነው ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አዳራሹ

ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ትጠልቃለች። ሜዳ ላይ ስክሪን ዘርግቶ ከ1 ሰዓት በፊት መጀመር ትርፉ የነጣ ምስል ማየት ነው። መጋረጃ የሌላቸው ትልልቅ መስኮቶች ያሉት አዳራሽም በቀን ከሜዳ ብዙ አይሻልም። ይህ ነገር በምርጫው ላይ በቀጥታ ይወስናል፤ ምክንያቱም ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አያወጣም። በስክሪን ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው። ከመስኮት የሚገባ ብርሃን ባለቀለም ፊልምን ያደበዝዛል፣ ጥቁርና ነጭ ፊልምን ግን ምስሉን ይበላዋል፤ የፊት ጥላ፣ የሌሊት ትዕይንት፣ የጎጆ ውስጥ ጭስ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል። ኋላ የምናነሣቸው ጥቁርና ነጭ ፊልሞች፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ወይም «ፋያ ዳዪ»፣ ታስበው ከሆነ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ የሚጨልም መሆን አለበት። ያ ካልተቻለ በቀለም የተሠራ ፊልም ይመረጥ።

በደንብ በጨለመ ክፍል 3 ሜትር ስፋት ላለው ስክሪን 3000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያለው ፕሮጀክተር ከበቂ በላይ ነው። ስክሪኑ 4 ሜትር ሲሰፋ የሚበራው ቦታ ከ5 ካሬ ሜትር ወደ 9 ካሬ ሜትር ያድጋል፤ ያው ፕሮጀክተር የሚሰጠው ብርሃን በግማሽ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ትልቅ ስክሪን ማራኪ ስለሆነ ብዙ አዘጋጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ትንሽና ደማቅ ስክሪን ሁልጊዜ ከትልቅና ደብዛዛው ይሻላል።

ቀጥሎ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ ከሆነና ኮርኒስ ከሌለው፣ በበልግም ሆነ በክረምት ዝናብ በወረደ ቁጥር ንግግር አይሰማም። በንግግር የሚራመድ ኮሜዲ በዚህ ዓይነት ቤት በዝናብ ወቅት መርሐ ግብር ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። ሐይቁ ዳር ለማሳየት የሚያስቡ ደግሞ ሁለት ነገር ያስቡ። ከሐይቁ የሚነሣው ንፋስ የተወጠረ ጨርቅን እንደ ሸራ ይገፋል፤ ከታችም ከላይም ካልታሰረ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ደግሞ ትንኝ ይሰበስባል፤ ትንኙ በሌንሱ ፊት ሲበር ስክሪኑ ላይ ጥላ ይጥላል። ከሌንሱ በስተጀርባ ራቅ ብሎ ሌላ መብራት ማብራት የተወሰነውን ይስባል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። የሐዋሳ ተመልካች አማርኛ ይሰማል፣ ግን ቤቱ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የሚናገር ብዙ ነው። ከከተማው ዙሪያ ለሚመጣ ታዳሚ በቅኔና በጥንት አማርኛ የታጨቀ ፊልም ያለ ሰብታይትል ይከብደዋል። የሲዳምኛ ሰብታይትል ማዘጋጀት ከሚገመተው በላይ ቀላል ነው፤ ቋንቋው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ቢያንስ የፊደል ችግር አይገጥመውም።

ለመጀመሪያ ምሽት፦ «ድፍረት» ወይስ «ላምብ»?

ከዚህ በፊት ተሰብስቦ ፊልም አይቶ ለማያውቅ ታዳሚ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን እንመርጣለን። ሁለቱም በቀለም ናቸው፣ ሁለቱም አማርኛ ናቸው፣ ሁለቱም ከ100 ደቂቃ አይበልጡም፤ ውይይት ጨምሮ በሁለት ሰዓት ተኩል ሁሉም ያልቃል።

«ድፍረት» (2014) የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሥራ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ትከሰሳለች፤ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ነፍሷን ለማትረፍ ትቆማለች። ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን፣ ትዝታ ሀገሬ ልጅቷን ሆነው ይተውናሉ። ታሪኩ በ1996 ከተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ የተነሣ ነው። በሰንዳንስም በበርሊን ፓኖራማም የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው በአጋጣሚ አይደለም፤ ፊልሙ «ልጅቷ ይፈረድባታል ወይስ አይፈረድባትም?» በሚል ጥያቄ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይዞ እስከ መጨረሻው አይለቅም። ፊልም የማየት ልምድ የሌለው ሰው ይህን ገመድ ይዞ መሄድ ይችላል።

«ላምብ» (2015) ሌላ መንገድ ይሄዳል። የያሬድ ዘለቀ ሥራ ሲሆን በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበትን ኤፍሬምን አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ይሄዳል፤ ለልጁ የቀረችው ቹኒ የምትባል በግ ናት፤ አጎትየው በጓ ለበዓል እንድትታረድ ይወስናል። ኤፍሬም ወጥ ቤት ይወዳል፤ ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ወስዶ ይሸጣል፤ ለአጎቱ ግን ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር መገኘቱ ውርደት ነው። ቤት ውስጥ ያለችው ጽዮን ደግሞ ማንበብ የምትወድ፣ ትዳር ያልቸኮለች ልጅ ናት። ግጭቱ ጩኸት የለውም። አብዛኛው ነገር የሚነገረው በተራራው፣ በዝምታውና በልጁ ፊት ነው።

ታዲያ የትኛው? ልጆች የሚገኙበት የቤተሰብ ምሽት ከሆነ ያለ ማወላወል «ላምብ»። የበግ መታረድ ነገር ትንንሾቹን ሊያሳስብ ስለሚችል ወላጆች ቀድመው ይወቁት፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ድምፁ ደካማ የሆነ አዳራሽም ከሆነ «ላምብ» ይሻላል፤ ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ሰብታይትሉ ቢያግዝ ታሪኩ አይጠፋም። ታዳሚው ከፊልሙ በኋላ እንዲከራከር ከተፈለገ ግን «ድፍረት» ይበልጣል። በ14 ዓመት ገደማ ካሉት ጀምሮ ይታይ እንላለን። ጠለፋና መደፈር እንዳለበት ከመጀመሩ በፊት በመድረክ መነገር አለበት፤ በአዳራሹ ውስጥ ይህ የደረሰባት ሴት ልትኖር ትችላለችና። በሩ አካባቢ ያሉ ወንበሮች ክፍት ይተዉ፣ መውጣት የፈለገ ሰው በስክሪኑ ፊት እንዳያልፍ። የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ወይም የሕግ ሰው ቢገኝ መልካም ነው።

ለሕግ ተማሪዎች፦ ሦስት ፊልም፣ አንድ ጥያቄ

የሀገራችን ፊልም ከጥንት እስከ ዛሬ አንድ ነገር ላይ ደጋግሞ ይመለሳል፤ በደል ሲፈጸም ፍትሕ የሚሰጠው ማን ነው? ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎችም ሆነ ለማንም ተከራካሪ ታዳሚ በሦስት ሳምንት ሦስት ፊልም ማሳየት ይቻላል፤ ከምናውቃቸው አሰላለፎች ይህን ያህል የተሳካ ሌላ የለም።

«ጉማ» በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሚሼል ፓፓታኪስ የተሠራ ነው። ርዕሱ በኦሮሞ ባህል ነፍስ ሲጠፋ የሚፈጸመውን የደም ካሳና የእርቅ ሥርዓት ይጠቅሳል። ዛሬ በየዓመቱ የሚሰጠው የጉማ የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚህ ፊልም ነው። «ቁራኛዬ» (2019) የሞገስ ታፈሰ ሲሆን ከመቶ ዓመት በፊት ወደነበረው፣ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ወደሚሄዱበት ሥርዓት ይወስደናል። ሁለት ባላንጣዎች አብረው ለመብላት፣ አብረው ለመተኛት፣ አብረው ለመራመድ ሲገደዱ ማየት ስለ ቁራኛ ከሚጻፍ ብዙ ገጽ የበለጠ ያስረዳል። «ድፍረት» ሦስተኛው ይሆናል፤ እዚያ የሽማግሌዎቹ ሸንጎና የመንግሥት ፍርድ ቤት በአንዲት ልጅ ጉዳይ ላይ ይጋጠማሉ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያንን ዘግቷል። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አባዝቶ ለታዳሚ ማደል ለውይይቱ ትልቅ ስንቅ ነው።

ሐዋሳ ላይ ይህ ውይይት ለብቻው የሚያገኘው ጥቅም አለ። የሲዳማ ሶንጎ (የሽማግሌዎች ሸንጎ) እና የአፊኒ የእርቅ ሥርዓት ሕያው ስለሆነ ታዳሚው ስለ ሽምግልና የሚናገረው ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ አዋቂ ሽማግሌ ከመድረክ ላይ ከአንድ የሕግ መምህር ጋር እንዲቀመጡ መጋበዝ ከማንኛውም የፊልም ሃያሲ ይሻላል።

ከሦስቱ ለማሳየት የሚከብደው «ጉማ» ነው፤ ዕድሜው ረጅም ስለሆነ የቅጂው ጥራት ቀድሞ መፈተሽ አለበት። «ቁራኛዬ» ለዓይን የሚመች ነው፣ ለጆሮ ግን ይከብዳል፤ ንግግሩ የዘመኑን አማርኛና ቅኔን ስለሚከተል አማርኛን በሚገባ የሚያውቅም አንዳንዱ ያመልጠዋል። ጥሩ ድምፅ ማጉያና ጸጥ ያለ አዳራሽ የግድ ነው።

ኃይሌ ገሪማ፦ ከሁለቱ አንዱን፣ በልኩ

በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ አሜሪካ የሚኖር፣ ለረጅም ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ዳይሬክተር ነው። የእሱን ስም የያዘ ምሽት ሰው ይጠራል። ነገር ግን አዘጋጆች በብዛት የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው፤ ስሙን አይተው ይመርጣሉ፣ ርዝመቱን ሳያዩ።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1974፣ ንጉሣዊው አገዛዝ እየተናወጠ ሳለ ሀገር ቤት ተቀርጾ በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ የተሠራ ፊልም ነው። 2 ሰዓት ተኩል ይረዝማል። የባለመሬትና የጭሰኛ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ይሳደባል፤ ገበሬዎቹ ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ ይሸከማሉ። ካሜራው በሬ ሲያርስ ቆሞ ያያል፤ አንድ ሰው ከአድማስ እስከ ፊት ድረስ ሲመጣ ይጠብቃል። ያ መጠበቅ የፊልሙ ፍሬ ነገር ነው፤ የጉልበቱን ርዝመት ተመልካቹ በራሱ አካል እንዲያውቀው ያደርገዋል። ከበበ የሚባለው እንደ እብድ የሚቆጠር ሰው ብቻ እውነቱን በአደባባይ ይናገራል። በእኛ እምነት ኢትዮጵያ ካፈራቻቸው ፊልሞች ሁሉ ታላቁ ይህ ነው። ለመጀመሪያ ምሽት ግን ፈጽሞ አይመረጥም። በዚህ ፊልም አዳራሽ ባዶ የሚሆነው ፊልሙ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ታዳሚው ምን ሊያይ እንደመጣ ስላልተነገረው ነው።

«ጤዛ» (2008) 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የሚባል ጀርመን የተማረ የሕክምና ተመራማሪ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተሰባብሮ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። ታሪኩ ከመንደሩ ወደ ጀርመን፣ ከዚያ ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ ተመልሶም ወደ መንደር ይዘላል። ይህ ዝላይ ነው ተመልካችን የሚያደናግረው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመጀመሩ በፊት በሁለት ደቂቃ «የምታዩት የተለያየ ቦታና የተለያየ ዘመን ነው፣ ሰውየው የሚያስታውሰው እየቆራረጠ ነው» ብሎ መንገር። ይህ ከተነገረ ሰው ይከተለዋል። ዘመኑን የኖሩ ሰዎች ባሉበት ታዳሚ ውስጥ «ጤዛ»ን የሚያክል ውይይት የሚያስነሣ ፊልም የለም፤ ወጣቶችና አዛውንቶች በአንድ አዳራሽ እንዲቀመጡ ያድርጉ። ግድያና ድብደባ ስላለበት ለልጆች አይሆንም።

በአጭሩ፣ ፊልም መሥራት ለሚማሩና ለሚጽፉ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፤ ለሰፊው ታዳሚ «ጤዛ»። ሰዓቱን ልብ ይበሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚረዝም ፊልም ከምሽቱ 1 ሰዓት ከተጀመረ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ያልቃል፤ ሩቅ ሰፈር የሚሄድ ሰው ባጃጅ እንዳያጣ ብሎ ከማለቁ በፊት ይነሣል፣ ውይይትም አይኖርም። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በሚጨልም አዳራሽ ይጀመር፤ መሐል ላይ የ15 ደቂቃ ሻይ ዕረፍት ይኑረው፤ ውይይቱ ተጨምሮ እስከ 1 ሰዓት ይጠናቀቃል።

«ሳንኮፋ»ን (1993) የሚጠይቁም አሉ። ስለ ባሪያ ንግድ የተሠራ ኃያል ፊልም ነው፣ ግን ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ቦታው ጋናና ካሪቢያን ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሲኒማ ለሚያወራ ተከታታይ መርሐ ግብር በመጨረሻ ይምጣ።

ሲኒማ ቤት የሞላው ፊልም

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቪዲዮ ካሜራ ሲረክስ የፊልም ሥራ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ በግለሰቦች እጅ ገባ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የዚያ ዘመን ምልክት ነው፤ ስለ ኤች አይ ቪ ኤድስ በግልጽ የተናገረ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ለማየት የተሰለፈለት። ቀጥሎ ኮሜዲው መጣ፤ «የወንዶች ጉዳይ» በዚህ ረድፍ ይጠቀሳል። የይድነቃቸው ሹመቴ «ኒሻን»፣ የቅድስት ይልማ «ረቡኒ»፣ የአዲስ አበባን የታክሲ ሹፌር ሕይወት የሚያሳየው የሄርሞን ኃይላይ «ፍቅር ዋጋ» (2015)፣ የመርካቶዋን ልጅ የሩጫ ሕልም የያዘው የአምለሰት ሙጬ «ምን አለሽ?» (2019) ደግሞ በገበያውና በጥበቡ መካከል ቆመው ሁለቱንም ለማሟላት የጣሩ ናቸው። ከአዲስ አበባ ወጣ ያለ ታዳሚ ስለ ሀገሩ ፊልም የሚያውቀው በአብዛኛው ከዚህ ወገን ስለሆነ፣ «ይህ ጥበብ አይደለም» ብሎ ከመርሐ ግብሩ የሚያስወጣ አዘጋጅ ታዳሚውን ይገፋል።

ኮሜዲ ሲመረጥ የሚያስፈልገው የሞላ ክፍል ነው። 200 ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ 40 ሰው ተበታትኖ ከተቀመጠ ሳቁ አይያያዝም። ያው 40 ሰው በአንድ የካፌ ክፍል ቢቀመጥ ምሽቱ ይደምቃል። የካፌ ባለቤቶች ከሌላው ሁሉ ይህን ወገን ቢመርጡ የሚያዋጣቸውም ለዚህ ነው፤ ሰው እየገባና እየወጣ፣ ስኒ እየተንኳኳ ሊታይ የሚችል ፊልም ነው። «ፋያ ዳዪ»ን እዚያ ማሳየት ግን ፊልሙን መግደል ነው።

የዚህ ወገን ትልቁ ችግር ድምፅ ነው። በቀድሞዎቹ ውስጥ ንግግሩ በካሜራው ማይክራፎን የተቀዳ ብዙ ነው፤ የሁለት ተዋንያን ድምፅ እኩል አይሆንም፣ ሙዚቃው ሲገባ ንግግሩን ይሸፍናል። በድምፅ ማጉያው ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ (ቤዝ) ቀንሶ መካከለኛውን ከፍ ማድረግ ንግግሩን ያወጣዋል። በዩቲዩብ በባለመብቶቹ ከተለቀቁት ላይ ደግሞ መሐል ላይ ማስታወቂያ ይገባል፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥም ምስሉ ይቆማል። በቀጥታ ከኢንተርኔት ማሳየትን እንደ መጨረሻ አማራጭ ይያዙት።

ዘጋቢ ፊልም ለሚመርጡ

ከሁሉ በፊት የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» (2021)። ሐረርና ዙሪያዋን፣ ጫት የሚያለማውን ገበሬ፣ የሚለቅመውን ልጅ፣ የሚጭነውን ሠራተኛና ምርቃናን በጥቁርና ነጭ የሚያሳይ፣ ሁለት ሰዓት የሚረዝም ሥራ ነው። ቋንቋው ኦሮምኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ስለሆነ ሰብታይትል ያስፈልገዋል። ተራኪ የለውም፣ «ጫት ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» ብሎ አይፈርድም። በሐዋሳ አካባቢ ከወንዶ ገነት ጀምሮ ጫት የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ስለሆነ ይህ ፊልም እዚህ ከየትም በላይ ጆሮ ያገኛል። ድምፁ ሹክሹክታና የቅጠል ኮሽታ ስለሆነ ጄኔሬተር ቅርብ ባለበት ቦታ አይታይ።

የኃይሌ ገሪማ «አድዋ» (1999) ከመቶ ደቂቃ ያነሰ ስለሆነ ለየካቲት 23 በዓል ለትምህርት ቤቶች ይመቻል። የሳሌም መኩሪያ «የወንዝ ማዕበል» ስለ ቀይ ሽብር ዘመን ከራሷ ቤተሰብ ተነሥታ የሠራችው ነው፤ «ጤዛ»ን ላዩ ሰዎች በቀጣዩ ሳምንት ቢቀርብ ሁለቱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

ስለ ቀደምቶቹስ? በ1957 ዓ.ም. በላምብሮስ ዮካሪስ ዳይሬክተርነት የተሠራው «ኂሩት አባቷ ማነው?» የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙሉ ፊልም ነው። በደርግ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሰለሞን በቀለ ወያ «አስቴር» አለ። እነዚህን ሙሉ ምሽት ከመስጠት ይልቅ በተከታታይ መርሐ ግብር መክፈቻ ላይ፣ ከማብራሪያ ጋር አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቆርጦ ማሳየት ይሻላል።

ፈቃድ፣ ቅጂ፣ ፍተሻ

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፊልምን ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቱ ፈቃድ ይፈልጋል። መግቢያው ነጻ መሆኑ ይህን አያስቀርም፤ ከፍላሽ ላይ የተገለበጠ ፊልምም ፈቃድ አይሆንም። ለፕሮዲዩሰሩ የሚጻፈው ደብዳቤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የወንበሩን ብዛት፣ መግቢያው በክፍያ ይሁን በነጻ፣ እና የሚፈለገውን የፋይል ዓይነት ይግለጽ። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ይላክ። ፈቃድ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ቅጂም አብሮ ይመጣል፤ ደብዳቤ መጻፍ የሚያዋጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ፋይሉ በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ፕሮጀክተር ይታይ። መጀመሪያውን ብቻ አይቶ መተው አይበቃም፤ ተገልብጦ ያላለቀ ፋይል የሚቆመው መጨረሻ ላይ ነውና የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች የግድ ይታዩ። የቆዩ ፊልሞችና የቪዲዮ ዘመን ሥራዎች ብዙዎቹ 4 ለ 3 ቅርጽ ያላቸው ናቸው፤ በ16 ለ 9 ስክሪን ሲለጠጡ ፊት ይሰፋል፣ ሰው ያጥራል። ቪኤልሲ በተባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም «ኤ» (A) የሚለውን ፊደል ደጋግሞ መጫን ቅርጹን ያስተካክላል፤ በግራና በቀኝ ጥቁር መስመር መቅረቱ ስሕተት አይደለም። ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ከታየ «ዲ» (D) ይጫኑ።

የአማርኛ ሰብታይትል በካሬ ሳጥኖች ከተተካ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) በተባለው የፊደል አቀማመጥ አልተቀመጠም፣ ወይ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል የሌለው ፎንት መርጧል። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቶ በዩቲኤፍ 8 ማስቀመጥ፣ በቪኤልሲ የሰብታይትል ማስተካከያ ውስጥ ደግሞ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን የግዕዝ ፎንት መምረጥ ይፈታዋል። አዳራሹ ወለሉ ሜዳ ከሆነ የስክሪኑ ታች ከወለሉ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ ከሦስተኛ ረድፍ ጀምሮ ያለው ሰው ሰብታይትሉን ሳይሆን የፊተኛውን ራስ ነው የሚያየው።

ድምፅ በብሉቱዝ አይላክ፤ ድምፁ ከከንፈር እንቅስቃሴ ወደ ኋላ ይቀራል። ገመድ ይሻላል። ብሉቱዝ የግድ ከሆነ በቪኤልሲ «ጄ» (J) እና «ኬ» (K) ድምፁን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱታል።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ፕሮጀክተሩ ግን ይጠፋል፤ ማንም ልብ ሳይል ፊልሙ በጨለማ ይራመዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ከላፕቶፑ አጠገብ ይመደብና መብራቱ እንደጠፋ ወዲያው ያቁመው። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር በድንገት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ስለሚቆም አምፖሉ በግለቱ ይቀራል፤ ጄኔሬተር ስለተነሣ ብቻ ወዲያው ማብራት አምፖሉን ያቃጥላል። አምስት ደቂቃ ይጠበቅ። ኤልኢዲና ሌዘር ፕሮጀክተሮች ይህ ችግር የለባቸውም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ የባትሪ መሣሪያ) ካለ ፕሮጀክተሩ ብቻ ይሰካበት፤ ፊልሙን እስከ መጨረሻ ባያዳርስም በሥርዓቱ ለማጥፋት ጊዜ ይሰጣል። መብራቱ ሲመለስ ፊልሙ ከቆመበት ሰኮንድ ሳይሆን ከአንድ ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ይጀመር።